በሬሳ ዳር ያነሳኋቸው ሁለቱ

ደብረ ብርሃን ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መስኩ ውሃ እንዳቆረ ይቆያል። ከብት የምንጠብቀው በባዶ እግራችን ነበርና ሣሩ ውስጥ ምን እንዳለ ቀድሞ የሚያውቀው እግራችን ነው። አንድ ቀን እንቁራሪት፣ ሌላ ቀን ጥንቸል ከፊታችን ትስፈነጠራለች። ሁለቱም ልትረግጣቸው እስክትደርስ ድረስ ድርቅ ብለው ያደፍጣሉ።

መጀመሪያ የያዝኩት እንቁራሪቷን ነው። አፍንጫዋ ሹል፣ የኋላ እግሯ ረጅም ነበር። መዳፌ ላይ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዘቀዘችኝ፤ ጉሮሮዋ ብቻ ይርገበገባል። በእርጥብ ቆዳዋ ጭምር እንደምትተነፍስ፣ ደረቅ እጅም እንደሚጎዳት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ባውቅ ኖሮ እጄን በሬሳ ወንዝ ውስጥ ነክሬ እይዛት ነበር።

የጥንቸሏን ግልገል ያገኘኋት በዚያው ሰሞን፣ በአንኮበር መንገድ በኩል፣ አንድ የገብስ ማሳ ጠርዝ ላይ ነው። ከጡጫዬ አትበልጥም፤ ግን ጸጉሯ ሙሉ ነው፣ ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል፣ የጆሮዋ ጫፍ ጥላሸት የነካው ይመስላል። ደረቴ ላይ ሳስጠጋት ሙቀቷ ገባኝ፣ ልቧም ከእኔ ልብ ጋር ይሽቀዳደም ጀመር። እናቷ የሞተችባት መስሎኝ በባናዬ ጠቅልዬ ቤት ወሰድኳት።

አያቴ ቆሎ እየቆላች ነበር።

«እናት የላትም እኮ፣ እምዬ።»

«ማን ነገረህ አንተ? ሲመሽ መጥታ ታጠባታለች። ተነስ፣ ካነሳህበት መልሳት!»

ምጣዱን አውርዳ አብራኝ ወጣች።

እምዬ ልክ ነበረች። የዱር ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ልጆቿን ሣር ውስጥ ትታ ቀኑን ርቃ ትውላለች፣ ጀንበር ስትጠልቅ ተመልሳ ታጠባለች። ያቺ የደጋ ጥንቸል ሌፐስ ስታርኪ የሚል ሳይንሳዊ ስም የወጣላት በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። እንቁራሪቷም በ1930 እ.ኤ.አ. የተሰየመችው ፕቲካዴና ኮፐሪ ሳትሆን አትቀርም። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ እንደማይገኙ ያነበብኩ ቀን፣ ያ መዳፌ ትዝ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በማግስቱ ግልገሏ ከቦታዋ የለችም። እናቷ መጥታ ነው ብዬ እጅግ ደስ አለኝ። ቤት በዘይት ጣሳ ያኖርኳቸው፣ ጭራቸው ገና ያልጠፋ የእንቁራሪት ልጆችም ነበሩኝ፤ ወስጄ ኩሬው ውስጥ ደፋኋቸው። እንቁራሪት እንቁላሏን ውሃ ላይ ጥላ እንደምትሄድ አላውቅም ነበርና፣ የእነሱም እናት ሲመሽ ትመጣለች ብዬ ባናዬን ተከናንቤ ኩሬው ዳር ቁጭ አልኩ፤ እምዬ ከማዶ ስሜን እስክትጣራ ድረስ።