ሆዴ ጉድ የሠራኝ ጊዜ

መቼም የሆድ ነገር ተወርቶ አያልቅም ይባላል። የኔው ግን ጭራሽ የሚወራ አልነበረም። ከሳሪስ አራት ኪሎ ለመሄድ ሚኒባስ የምሳፈረው የትኛው ካፌ መጸዳጃ ቤት እንዳለው፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚጠየቅበት በቃሌ ይዤ ነበር። ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ይቆርጠኛል፤ ከዚያማ... ይቅር፣ ቁርስ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ አትጠፉም።

ያኔ አንዲት ልጅ እወድ ነበር። ላንጋኖ እንሂድ ስትለኝ ሥራ አለኝ፤ ቤተሰቦቿ ምሳ ሲጠሩኝ ዘመድ ሞተብኝ። ሦስት ዘመድ ከገደልኩ በኋላ «ሌላ ከያዝክ ንገረኝ» አለችኝ። ጭጭ አልኩ። ተቅማጥ ነው የያዘኝ ብሎ ለፍቅረኛው የሚናዘዝ ወጣት አይታችኋል?

ሰፈራችን ውስጥ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ ወይ «ጨጓራ» ነው፣ ወይ «አሜባ»። እኔም ሳልመረመር የአሜባ ኪኒን ስቅም ከረምኩ። በመጨረሻ ሰገራውም ደሙም ታየ፤ ምንም አልተገኘም። ሐኪሙ ግን «ውሸትህን ነው» አላለኝም። ኢሪተብል ባውል ሲንድሮም ይባላል አለኝ። አንጀቱ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ከአንጎል ጋር በነርቭ የሚላላከው መልእክት ግን ይዛባና ትንሿ ጋዝ እንደ ቢላ ትሰማለች። ወደ ካንሰር አይለወጥም። አማርኛችን ይህን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል፤ ንዴቱንም ፍቅሩንም አንጀት ላይ አይደል የሚጭነው?

ኪኒን አልጻፈልኝም፤ «ደብተር ግዛ» አለኝ። የበላሁትን፣ ሰዓቱን፣ ሆዴ የሆነውን አንድ ወር ሙሉ ጻፍኩ። ተጠርጣሪዎቹ ወጡ፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የስንዴ ዳቦ፣ ባቄላ፣ በባዶ ሆድ የምጋተው ቡና። ሽንኩርትና ስንዴ ውስጥ ያለውን ፍሩክታን የሚባል ነገር ትንሹ አንጀት መፍጨት አይችልም፤ ታች ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይሆናል። አውስትራሊያ ያለው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያስተዋወቀው ዘዴ እነዚህን ለጥቂት ሳምንታት ትቶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር ነው። ለዘላለም መተው አይደለም፤ እኔ ዛሬ ግማሹን እበላለሁ።

ከባዷ እናቴ ነበረች። ሽንኩርት የሌለው ወጥ! «ምን በደልኩህ?» ብላ ተቀየመችኝ። መላው ነጭ ሽንኩርቱን ሳይከትፉ ዘይት ላይ ጠብሶ አውጥቶ መጣል ሆነ፤ ፍሩክታን ውሃ ውስጥ እንጂ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ መዓዛው ግን ይቀራል። ቀመሰችና ዝም አለች። እንግዲህ የእናቴ ዝምታ ምስጋና ነው። በሰዓቱ መብላት፣ አንድ ማንኪያ ተልባ፣ የማታ የእግር ጉዞም ረድተውኛል።

ግን ልብ በሉ፦ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት በኋላ ከጀመረ ደብተር አይበቃም፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለልጅቷም አንድ ቀን አፈነዳሁት። ሳቀች፣ ከዚያ ተናደደች፤ «ለዚህ ብለህ ነው ዘመድ የምትጨርሰው?» ላንጋኖ ስንሄድ ሞጆ፣ መቂና ዝዋይ ላይ ቆምን። ሁለቱ ለእሷ ነበር።