የተገዛ አባል ደንበኛ አይሆንም



እኔ የመስጂድ ሰው ነኝ። ኢማማችን ሳይመቻቸው ሲቀር አሰግዳለሁ፣ ማታ ማታ ልጆች አቀራለሁ። «ስለ ንግድ ለመጻፍ ምን አገባህ?» የሚለኝ ይኖራል። ነገር ግን እዚህ አያት ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቶች ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ተቀይሯል። ከዓመታት በፊት ስለ ውዱእ፣ ስለ ቀዷ ጾም፣ ስለ ኒካሕ ነበር የሚጠይቁኝ። አሁን ስልካቸውን አውጥተው «ኡስታዝ፣ ይቺን የቴሌግራም ቻናል ይዩልኝ፤ ሰው እንዴት ነው የሚበዛው?» ይሉኛል። ጥያቄው የሪዝቅ ጥያቄ ነውና እኔንም ይመለከተኛል።

ሰፈራችንን የምታውቁ ሁኔታውን ታውቁታላችሁ። ከአያት አደባባይ እስከ ጣፎ፣ ከሰሚት እስከ አራብሳ ኮንዶሚኒየሙ በሰው ተሞልቷል። ምድር ላይ ያለ ሱቅ ለመከራየት የሚጠየቀው ቅድመ ክፍያ ግን ገና ሥራ ለጀመረ ሰው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ሳሎኗ ውስጥ ሒጃብ የምትሸጥ አለች። ማር በጀሪካን አስመጥቶ በኪሎ የሚያከፋፍል አለ። ጫማ ከመርካቶ እያመጣ ቤት ለቤት የሚያደርስ አለ። የሁሉም ሱቅ ስልክ ነው። ክፍያው በቴሌብር፣ ርክክቡ በሞተር ወይም ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ላይ ነው።

ችግሩ ቻናሉ ከተከፈተ በኋላ ይመጣል። ቴሌግራም ለቻናል ባለቤት ከሚያውቃቸው ሰዎች የመጀመሪያዎቹን 200 ብቻ በራሱ እጅ እንዲያስገባ ይፈቅድለታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው በገዛ ፈቃዱ መግባት አለበት። አብዛኛው ወጣት ዘመድ አዝማዱንና የሰፈሩን ልጆች አስገብቶ እዚያው አካባቢ ቆሞ ይቀራል። ልክ ተስፋ ሲቆርጥ ከማያውቀው ሰው መልእክት ይደርሰዋል፦ «በአንድ ቀን 10 ሺህ አባል እንጨምርልህ፤ ክፍያው ቀላል ነው።»

ባለፈው ዓመት አንዲት እህት በባለቤቴ በኩል ይህንኑ ጉዳይ ላከችብኝ። ሒጃብና የሴት ልጆች ልብስ ትሸጣለች። ባሏ ሥራ ከፈታ ወራት ሆኖታል፤ የቤት ኪራዩ በሷ ትከሻ ላይ ነው። ዕቁቧ ወጥቶላታል። ብሩን ይዛ ሁለት ሐሳብ ላይ ቆማለች፦ ግማሹን ለአባል ከፍላ ቻናሏን ትልቅ ማስመሰል፣ ወይም በሁሉም ዕቃ ማምጣት። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «ሐላል ነው ወይ? ሁሉም ያደርገዋል፤ ደግሞስ ማንን ይጎዳል?»

ፈትዋ መስጠት የኔ ቦታ አይደለም። ጉዳዩን ለሸይኻችን ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ቴሌግራም አይጠቀሙም፤ ግን የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነገሩን ሁሉ ከፈተው። «ገዢው ብሩን የሚልከው ያንን ቁጥር አይቶ ነው?» አሉኝ። ትንሽ አሰብኩና «አዎ» አልኳቸው።

እውነቱ ይኸው ነው። በስልክ ስንገዛ ዕቃውን አንዳስሰውም፣ ሻጩን አናየውም። «ቅድሚያ ክፈሉ» ስንባል እጃችን ያመነታል። ያኔ ዓይናችን ወደ ላይ ይሄድና «12 ሺህ አባል» የሚለውን ያነባል። «ይህን ሁሉ ሰው ቢያታልል ኖሮ ይታወቅ ነበር» ብለን እንልካለን። ቁጥሩ ለሻጩ ምስክር ሆኖ ቆሟል ማለት ነው። ምስክሩ ግን በብር የተገዛ ነው። ማንን ይጎዳል ለሚለው መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚጎዳው በዚያ ምስክር ተማምኖ ብሩን የላከው ሰው ነው።

ሸይኻችን ነገሩን ወደ ነጅሽ መለሱት። ነጅሽ ማለት ለመግዛት ያላሰበ ሰው ሌላው እንዲታለል ብሎ በዕቃ ላይ ዋጋ መጨመሩ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር ባስተላለፉት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለውታል። በጥንቱ ገበያ ነጋዴ ጓደኛውን ከሕዝቡ መሐል ያቆመውና ያ ጓደኛ «እኔ በዚህ እወስደዋለሁ!» እያለ ይጮህለታል። ዛሬ የሚጮኸው ሰው እንኳ የለም፤ ባዶ ስምና ባዶ ፎቶ ብቻ ነው። ሸይኻችን «መልኩ ይለያያል፤ ዓላማው ግን ያው ሰውን በሐሰት ግርግር ማስገዛት ነው» አሉኝ። የእህትና የወንድምን ስልክ ተቀብሎ «ደርሶኛል፣ በጣም ቆንጆ ነው» እያሉ ራስን ማሞገስም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

መልሱን ባለቤቴ አደረሰችላት። እህታችን በዕቁቡ ብር ዕቃ አመጣች። ግን «አልገዛም» ማለት ብቻውን ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠው በሐላሉ መንገድ ሰው እንዴት እንደሚመጣ መከሩ። እኔም ኪታብ ላይ ያለውን እየጨመርኩ ተከታተልኩ። ከዚያ ያየሁትን ነው የማካፍላችሁ።

መጀመሪያ የተቀየረው ፎቶው ነው። ከኢንተርኔት የወረደውን የሞዴል ፎቶ ሁሉ አጠፋችና በረንዳዋ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በራሷ ስልክ ያነሳችውን ለጠፈች። ጠርዙ ላይ ክር የተመዘዘ ሒጃብ ካለ ያንን ለይታ አንስታ «ይህ እንከን አለው፣ ዋጋው ይቀንሳል» ብላ ትጽፋለች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ሻጩ ዝናብ ነው ያረጠበው አለ፤ እሳቸው ደግሞ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ገሠጹት። የቻናል ፎቶ የክምሩ የላይኛው ክፍል ነው። እርጥቡን ከላይ ያወጣች እህት የመጀመሪያ ቀን ጥቂት ሰው ታጣ ይሆናል። ያገኘችው ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ከየት እንደመጣብን አላውቅም። ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ይለኩኛል ብሎም ይሰጋል፤ ዝም ብሎ ያልፋል። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እንኳ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። ስልኩ ሱቅ ከሆነ ግድግዳው ቻናሉ ነው። እህታችን ዋጋውን ከየፎቶው ሥር መጻፍ ጀመረች። የሚደውልላት ሰው መጀመሪያ ቀነሰ፤ የሚደውለው ግን የሚገዛ ሆነ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም በላይ የጠቀማት፣ የምታውቀውን መጻፏ ነው። «አዲስ ገብቷል፣ ፍጠኑ!» የሚለውን ተወችና በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠቃሚ ነገር መጻፍ ጀመረች። ሺፎን ሐር መስሎ ያምራል፣ ከውስጥ ኮፍያ ካልተደረገለት ግን ይንሸራተታል። ክሬፕ ብዙ አይጨማደድም፣ ለሠራተኛ ሴት ይመቻል። ጀርሲ ይለጠጣል፣ ያለ መርፌም ይቆማል፣ በሙቀት ቀን ግን ይከብዳል። የልጅ ልብስ ሲለካ ዕድሜ አይበቃም፤ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት በሜትር ለኩና ላኩልኝ ትላለች። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የማትገዛም ሴት ታነበዋለች፤ ለእህቷም ትልከዋለች።

እዚህ ላይ አንድ የቴሌግራም ነገር ልንገራችሁ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር የዓይን ምልክት አለ፤ ስንት ጊዜ እንደታየ ይቆጥራል። ጽሑፉ ወደ ሌላ ቦታ ሲላክ እዚያ የታየውም ይደመርበታል። ስለዚህ የቻናል ጤንነት የሚታወቀው የአባሉን ቁጥርና የዓይኑን ቁጥር ጎን ለጎን በማየት ነው። በሰፈራችን አባል የገዛ አንድ ወንድም አለ፤ ላይ 10 ሺህ ይላል፣ ሥር ያለው ዓይን ስድሳና ሰባ ነው። ያንን ያየ ልጅ ሁሉ ውሸቱን ያውቅበታል። የእህታችን አባላት ገና 180 ሳሉ ስለ ጨርቅ ዓይነት የጻፈችው ግን ከ400 በላይ ታየ። ሰው ከሰው እየተቀባበለው ነበር ማለት ነው።

ይህ ለኔ አዲስ አይደለም። ወሎ ውስጥ ደረሳ ሳለን ሸይኾቻችን ማስታወቂያ አልነበራቸውም። ግን አንዱ በነሕው፣ ሌላው በፊቅህ ይታወቃል፤ ደረሳው ስሙን ሰምቶ የቀናት መንገድ በእግሩ ሄዶ ይቀመጥበታል። ሁሉንም አውቃለሁ ያለ ሸይኽ ሳይሆን አንድ ፈን ላይ የታመነው ነው ደረሳ የሚበዛለት። ያስታወቀው ቀርቶ የሄደው ደረሳ ነው። ዛሬም ሒጃብ፣ ድስት፣ ሽቶና የስልክ ቻርጀር አንድ ላይ የሚሸጥ ቻናል ሰው ስሙን በምን ያስታውሰው? «የጨርቅ ነገር እሷን ጠይቁ» መባል ግን ትልቅ ሀብት ነው።

አራተኛው ለብዙዎቻችሁ ከባድ ነው፤ እሱም ያልያዙትን ዕቃ መሸጥ ነው። ከሌላ ቻናል ፎቶ ወስዶ፣ ዋጋ ጨምሮ፣ ብር ከተላከለት በኋላ ዕቃ ፍለጋ የሚሄደው ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) የእናታችን ኸዲጃ የወንድም ልጅና የመካ ነጋዴ ነበሩ። እጃቸው ላይ የሌለውን እንዲሸጡ ሰው ሲጠይቃቸው ምን ላድርግ ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ እሳቸውም ከለከሏቸው። በትዕዛዝ ማስመጣት ከፈለጋችሁ የሰለም ሽያጭ የሚባል በር አለ፤ ግን ሸርጥ አለው። ዋጋው ሲዋዋሉ ሙሉ በሙሉ ይከፈላል፤ ዓይነቱ፣ መጠኑና የሚደርስበት ጊዜ ቁርጥ ብሎ ይታወቃል። «ሲመጣ እደውልልሃለሁ» ሰለም አይደለም። ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ካሉ ዑለሞች ቀርታችሁ ግቡበት።

አምስተኛው ደብተር ነው። እህታችን የገዛትን ሰው ሁሉ በፈቃዱ ስልኩን፣ የልጁን ልክና የሚወደውን ቀለም በደብተር ትመዘግባለች። ለምን እንደምላችሁ ታስታውሳላችሁ። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት 2015 ጀምሮ እስከ ሐምሌ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ቆዩ። ሁሉም ሰው ቪፒኤን አልነበረውም። በዚያ ሰሞን አባሉን እንጂ ስልኩን ያልያዘ ነጋዴ ሱቁ በአንድ ሌሊት ተዘጋበት። ፌስቡክም ቢሆን በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዘመድና የጓደኛን ጽሑፍ እንደሚያስቀድም ካስታወቀ ወዲህ የገጽ ተከታይ ስለበዛ ብቻ ጽሑፉ ለሁሉም አይደርስም። ቻናሉ የሌላ ሰው ቤት ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት በሩን ይዘጋል። ደብተሩ ግን የራሳችሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችሁ «ኡስታዝ፣ ከሶላት በኋላ ቻናላችንን አስተዋውቁልን» ትሉኛላችሁ። አላደርገውም፤ ቅር አይበላችሁ። በመስጂድ ውስጥ መሸጥና መግዛት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ነው። ኢማሙ አምኖ ካስተዋወቀው ደግሞ ሰው የሚገዛው ዕቃውን አይቶ ሳይሆን የመስጂዱን ክብር አይቶ ይሆናል። እሱም ሌላ ዓይነት የተበደረ ምስክር ነው። ከደጅ ስንወጣ ግን የማንኛችሁንም ማርና ጫማ አያለሁ፤ ከወደድኩትም እገዛለሁ።

እህታችን ዛሬ ሀብታም አልሆነችም። አባሎቿ ገና ሺህ አልሞሉም። ለዒድ ሰሞን ያመጣችው ዕቃ ግን ቀድሞ አልቆባታል፤ ኪራዩ በጊዜው ይከፈላል፤ ባሏም ከሥራ ፍለጋው ጎን ለጎን ዕቃ ማድረሱን ይዞታል። የሚገዟት ሴቶች በስም ያውቋታል፤ እሷም ልጆቻቸው ምን ያህል እንዳደጉ በደብተሯ ታውቃለች። ያ ከ10 ሺህ ባዶ ስም የሚበልጥ መሆኑን ኪራይ የሚከፍል ሰው ይረዳዋል።

ቅድም ያነሳኋቸው ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሌላም ሐዲስ አለ። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው እንከኑን ከገለጹ በሽያጫቸው በረካ ይደረግላቸዋል፤ ከዋሹና ከደበቁ ግን የሽያጫቸው በረካ ይጠፋል የሚል መልእክት ያለው ነው። በረካ ከቻናሉ አናት ላይ በቁጥር አይጻፍም። በወር መጨረሻ፣ ኪራይ ሲከፈልና ልጆች ጠግበው ሲያድሩ ይታያል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ! ዛሬ ማታ ቻናልህን ክፈትና ከማስታወቂያ ይልቅ ስለምትሸጠው ዕቃ የምታውቀውን አንድ እውነት ጻፍበት። ዋጋውን ከሥሩ አድርግ። ነገም ድገመው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሰው በአንድ ቀን አይታመንምና።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንን የበረካ ያድርግልን። አሚን።

ይህን የሚጠቅመው ወጣት ካለ አድርሱለት።