ከመዝራታችን በፊት ዘሩን እንመርምር



እኛ በሮቤና በጎባ የምንኖር ጥቂት አማኞች ነን። በወር ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሮቤ አንዴ በጎባ፣ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን መጽሐፍ እናነባለን። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሚኒባስ ከተገኘ ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን መምህር፣ ነጋዴ፣ ነርስ፣ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ገበሬ አለ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም አሉ። ብዙዎች “ማንበብ እንፈልጋለን፣ ግን አልሆነልንም፤ ደግሞስ ምን እናንብብ?” እያሉ ስለሚጠይቁን ያየነውን በጥቂቱ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ባሌ የስንዴ አገር ነው። በሲናና ሜዳ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ስለ ዘር የሚያውቀውም በዋጋ የተገዛ እውቀት ነው። ኩብሳ የሚባለው የስንዴ ዘር የብዙ ገበሬ መመኪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ቢጫ ዋግ መታው። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ወደ ዲገሉ ዞሩ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ዲገሉንም የግንድ ዋግ ያዘው። ገበሬ ወንድማችን ይህን ሲያነሳ ሁለት ነገር ይለናል፤ ጎረቤት ሁሉ ስለዘራው ብቻ ዘሩ ደህና ነው አይባልም፤ ማሳን ሁሉ በአንድ ዘር መሸፈንም አደጋ አለው። ስለ መጻሕፍት ከዚህ የተሻለ ምክር አልሰማንም። ዛሬ ስልካችን ውስጥ የሚገባው ስብከት፣ ትንቢትና መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ሁሉም ሰው ይቀባበለዋል። መቀባበላችን ግን የዘሩን ጤንነት አይናገርም።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን እንንገራችሁ። ከመካከላችን አንዲት እህት ባለቤቷ ለረጅም ጊዜ ታሞ ነበር። የምትወዳት አንዲት ዘመዷ በቅን ልብ አንድ መጽሐፍ ሰጠቻት። መጽሐፉ እምነቱ የሞላ ሰው በሽታ አይጸናበትም የሚል ነበር። እህታችን አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ደጋግማ አነበበችው፤ እንደሚለውም ጾመች፣ ጸለየች፣ አወጀች። ባለቤቷ ግን በጌታ አንቀላፋ። ከቀብሩ በኋላ መጽሐፉን ዘጋች፤ ከእርሱ ጋር መጽሐፍ ቅዱስንም ዘጋች። ልንጠይቃት ስንሄድ “እምነቴ ቢሞላ ኖሮ አይሞትም ነበር፤ የገደልኩት እኔ ነኝ” አለችን።

አልተከራከርናትም። በስብሰባችን መጽሐፈ ኢዮብን ጮክ ብለን ማንበብ ጀመርን፤ እርሷም ዝም ብላ ትሰማ ነበር። 42ቱን ምዕራፎች በየስብሰባው ሰባት ያህል እያነበብን በሦስት ወር ጨረስን። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት በዝምታ ሲቀመጡ ራሷን ነቀነቀች። አፋቸውን ከፍተው “ኃጢአት ባይኖርብህ ይህ አይደርስብህም ነበር” ወደሚል ክርክር ሲገቡ ፊቷ ተለወጠ። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር ወዳጆቹን ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገሩም ብሎ ሲቆጣ “እባካችሁ እንደገና አንብቡልኝ” አለች። ደግመን አነበብንላት። ቆይታም “እንግዲያው ያ መጽሐፍ የጻፈው የወዳጆቹን ንግግር ነው” አለች።

ኀዘኗ በዚያ ቀን አላበቃም። ከጫንቃዋ የወረደው የሐሰት ክስ ነው። አንድ መጽሐፍ ያሰራትን ሌላ መጽሐፍ ፈታት። ስለዚህ “ምን እናንብብ?” የሚለው ጥያቄ ለእኛ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ መጽሐፍ ከመጀመራችን በፊት አምስት ጥያቄዎችን እንጠይቃለን። የክርስቶስ መስቀል በመጽሐፉ ውስጥ ስፍራ አለው ወይስ ስሙ ብቻ ተጠቅሷል? ጥቅስ ሲያነሳ ምዕራፉን ከላይና ከታች ብናነበው ሐሳቡ ይጸናል? በሆስፒታል አልጋ ላይ ላለ ሰው ወይም ልጇን ለቀበረች እናት ፊት ለፊት ሊነበብ ይችላል? አንብበን ስንጨርስ የሚገንነው ጌታ ነው ወይስ ጸሐፊው? ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ይመልሰናል ወይስ በእርሱ ምትክ ሊቀመጥ ይፈልጋል? የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ ሰምተው በየቀኑ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ የሐዋርያት ሥራም ስለዚህ ያመሰግናቸዋል። ጳውሎስ ከተመረመረ የእኛ ዘመን ጸሐፊ ቢመረመር ቅር ሊለው አይገባም።

ማሳን በአንድ ዘር አለመሸፈን የተባለውንም አንርሳ። ዕድሜ የፈተናቸው መጻሕፍት አሉ። ጆን ቡንያን የብረት ዕቃ ጠጋኝ ነበር፤ ስለ ስብከቱ 12 ዓመት ታስሯል። እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው የአንድ መንፈሳዊ መንገደኛ ታሪክ ገና በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። ሸክም ተሸክሞ ስለሚጓዝ ሰው ስናነብ ያልገባን አልነበረም፤ ፊደል ያልቆጠሩት እናቶች እንዲያውም ቀድመውን ተረዱት።

በባሌ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የቅርብ ዘመድ ያህል ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው ነፃ የወጡ፣ በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን የተማሩ ነበሩ። አናሲሞስ በአስቴር ብርቱ እገዛ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተረጎመ፤ አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በመካከሉ፣ በ1894፣ አስቴር ከሕዝቧ አፍ የሰበሰበቻቸው ተረቶችና መዝሙሮች ያሉበት የማንበቢያ መጽሐፍ አወጡ። ይህን ልብ በሉ፤ ሕዝቡ ወንጌልን እንዲያነብ የፈለጉ ሰዎች የራሱን ተረት አልናቁም። ስለዚህ አንድ ወጣት “ልቦለድ ማንበብ ለአማኝ ይፈቀዳል?” ብሎ ሲጠይቀን የአስቴርን ሥራ እናስታውሰዋለን። የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” ያነበበ ሰው ስለ ሰው ኩራት፣ ስለ ድሃ መገፋትና ስለ ሃይማኖት ልማድ ብዙ የሚያስብበት ያገኛል። የሚያነቡትን ሁሉ እየፈተኑ መልካሙን መያዝ እንጂ መጽሐፍን ሁሉ መፍራት የአማኝ ጠባይ አይደለም።

ልማዱ እንዴት ይተከላል? ከሞከርነው የጸናልንን እንናገር። መጀመሪያ ትንሽ መሆን አለበት። አዲስ ኪዳን 260 ምዕራፎች አሉት፤ በሳምንት አምስት ቀን አንድ አንድ ምዕራፍ ያነበበ ሰው ልክ በ52 ሳምንት ይጨርሰዋል። ሁለት ቀን ለዕረፍት ወይም ያመለጠውን ለማካካስ ይተርፈዋል። በሌላ መጽሐፍም በቀን አሥር ገጽ ያነበበ 200 ገጹን በሃያ ቀን ይፈጽማል።

ሁለተኛ፣ ንባቡን ቀድሞ ካለ ነገር ጋር እሰሩት። ነጋዴዋ እህታችን ሱቋን ከፍታ የመጀመሪያው ገዢ እስኪመጣ ታነባለች። ገበሬው ወንድማችን ከብቶቹን ሳያወጣ ማለዳ ያነባል፤ በአጨዳ ሰሞን ግን አንድ መዝሙር ብቻ ይበቃዋል፣ ማንም አይወቅሰውም። ተማሪው ማታ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ ጋቢውን ይደርባል። የሮቤን ብርድ የሚያውቅ ይህ ጋቢ የልማዱ ግማሽ መሆኑን ያውቃል።

ሦስተኛ፣ አብራችሁ አንብቡ። መጽሐፍ ውድ ነው፤ ስለዚህ እንደ እቁብ በየወሩ ጥቂት እያዋጣን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ አንድ ሁለት መጽሐፍ እናስመጣለን። ወስዶ የሚያነብ ስሙን በደብተር ይጽፋል፤ ሲመልስም የጠቀመውንና የተጠራጠረውን በሁለት ዐረፍተ ነገር ይነግረናል። አማርኛ የሚቀለው በአማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ የሚቀለው በአፋን ኦሮሞ ያነባል። እናቶቻችን ሲነበብላቸው ይሰማሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩው ጥያቄ የሚመጣው ከእነርሱ ነው። ባለቤቷን ያጣችው እህታችን አሁን ለእነርሱ ከሚያነቡት አንዷ ናት።

ገና በፍለጋ ላይ ላላችሁ ወዳጆቻችን ደግሞ አንድ ቃል አለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ጮክ ብሎ ሲያነብ ፊልጶስ ሰማው። ባለሥልጣን ነበር፤ ሆኖም ያልገባውን አልገባኝም ለማለት አላፈረም። ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ጠየቀ፣ ከዚያው ስፍራ ተነሥቶም ኢየሱስ ተሰበከለት። እናንተም ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። ያልገባችሁን ጻፉ፤ በአቅራቢያችሁ ያለ አማኝም ጠይቁ። ጥያቄያችሁ አያስቀይመንም።

ሐዋርያው ጳውሎስ የሞቱ ጊዜ እንደቀረበ እያወቀ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ከክረምት በፊት እንዲመጣ ለመነው። ሲመጣም በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም በብራና የተጻፉትን እንዲያመጣለት አደራ አለው። ብዙ መልእክት የጻፈው፣ ጌታን በዓይኑ ያየው ሰው እስከ መጨረሻው ማንበብ አላቆመም። በደጋው ብርድ ለምንኖር ለእኛ ልብሱም መጻሕፍቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር መጠየቃቸው እንግዳ አይሆንብንም። ሁለቱም ለሰው ያስፈልጋሉ።

በዚህ ሳምንት አንድ መጽሐፍ ምረጡ፣ መርምሩት፣ አብሯችሁ የሚያነብ አንድ ሰው ፈልጉ። ጌታ የሚያነበውንም የሚሰማውንም ልብ ያብራ፤ ከሐሰት ክስ በታች ያሉትንም በቃሉ ነፃ ያውጣ። አሜን።