ከጠገራ ብር እስከ ቴሌግራም ስጦታ፦ የብርቅ ነገር ቅኝት በሐረር

ሐረር የሚመጣ እንግዳ ጅብ ሲበላ ሊያይ፣ ቡና ሊሸምት ወይም በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሲዞር ሊውል ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገበው ይህ በግንብ የታጠረ ከተማ ግን ሌላም ሙያ አለው፤ ብርቅ ነገር መሰብሰብና ማቆየት ያውቅበታል። የክሪፕቶው ዓለም “ዲጂታል ስብስብ” እያለ የሚሸጠውን ነገር በአእምሮዬ ይዤ የዞርኩትም ለዚሁ ነው።

ፈረስ መጋላ ላይ ባጃጁ ይጮኻል፣ በርጫ የያዘው ጥላ ይፈልጋል፣ ወጣቱ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። በ2016 ዓ.ም. እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ እዚህም ስልክ በጣት መቀጥቀጥ ሥራ ሆኖ ነበር። ኖትኮይን የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ በዚያ ዓመት ግንቦት ወደ ገንዘብ ሲቀየር የቀናቸው ነበሩ። ሌላው ጨዋታ ሃምስተር ኮምባት ግን መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በደመራ ዕለት ሳንቲሙን ሲያከፋፍል፣ ለወራት ጣቱን ላደከመው ብዙ ሰው የደረሰው ከሞባይል ካርድ መግዣ ብዙም አይበልጥም። “አቦ፣ ያ ሁሉ ልፋት ለዚች!” የሚለው ምሬት እስካሁን አልበረደም።

አሁን ወሬው የቴሌግራም ስጦታ ነው። ስጦታው በቴሌግራም ኮከብ ይገዛል፤ ከዚያ ወደ ስብስብነት ሲያድግ የራሱ መልክ፣ ዳራ፣ ምልክትና ተራ ቁጥር ይወጣለታል። ቶን በተባለው ብሎክቼይን (የጋራ ዲጂታል መዝገብ) ላይ ተመዝግቦም ይሸጣል። የዲጂታል ስብስብ ታሪክ ግን ከዚህ ይቀድማል፤ መጋቢት 2013 ዓ.ም. ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት ቢፕል በሚል ስም የሚታወቀውን ሠዓሊ አንድ ዲጂታል ሥራ በ69 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ዓለምን አስደንግጧል። ዓመት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ገበያው ተንኮታኮተ።

ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ቁልቁል ስትወርዱ የልብስ ስፌቱ ድምፅ ይቀበላችኋል። ከዚያ ወዲህ ወዲያ ያሉት የቅርስና የጌጥ ሱቆች ውስጥ ጠገራ ብር አይጠፋም። አንዱን አንስቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት፤ 28 ግራም ነው፣ ከበድ ይላል። የንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ አለበት፤ ዓመቱ 1780 (እ.ኤ.አ.) ይላል። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ግን ቪየና፣ ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ሳይቀሩ ይህንኑ 1780 እየጻፉ ሲያትሙት ኖረዋል። ስለዚህ የድሮ ነጋዴ ዓመቱን አይቶ አያምንም ነበር፤ የደረት ጌጧን ፍሬዎች ቆጥሮ፣ በጣቱ ዳስሶ ነው የሚቀበለው። ዓመቱ ቢያታልለው እንኳ እጁ ላይ ብር ይቀራል።

ዲጂታሉ ላይ ይህ የለም። ምስሉን ማንም ይገለብጠዋል፤ የምትገዙት ምስሉን ሳይሆን “የዚህ ባለቤት እገሌ ነው” የሚል መዝገብ ነው። ምስሉ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ስለሆነ አስቀማጩ ኪራይ መክፈል ሲያቆም መዝገቡ ባዶ ግድግዳ ሊያመለክት ይችላል። ፍሬ መቁጠር ከተፈለገ የሚቆጠረው ስብስቡ ብሎክቼይኑ ላይ የተመዘገበበት ውል (ስማርት ኮንትራት) አድራሻ ነው፤ አድራሻው ከአዘጋጁ ከራሱ ገጽ ላይ እንጂ በግሩፕ ውስጥ ከሚወረወር ሊንክ አይወሰድም።

የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የራምቦን ቤት በፍጥነት አልፈዋለሁ። ባለቅኔው በእርግጥ በዚያ ቤት ለመኖሩ ማስረጃ የለም ይባላል፤ ስሙ ግን ቤቱ ላይ ቀርቷል። የዝነኛ ሰው ስም ለጥፎ የሚሸጥ ስብስብ ሲመጣላችሁ አስታውሱት።

ብዙ የቆየሁት በሸሪፍ ሙዚየም ነው። አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት በገዛ ቤታቸው የሰበሰቡት ቅርስ ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ይታያል፤ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት፣ ጌጣጌጥ፣ ስፌት፣ የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎች፣ የአሚሮቹ ሳንቲም። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ አሚሩም አሚርነቱም ቀረ። ሳንቲሟ ግን እነሆ በመስታወት ውስጥ አለች። አሳታሚው ሲጠፋ በእጅ የሚቀር ነገር ነበር። ዲጂታል ስብስብ አሳታሚው የተወው ዕለት ምን ይቀርለታል? ሙዚየሙ ውስጥ ቆሜ ለዚህ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም።

በሐረር በር ወጥቼ አዲሱ ከተማ ስገባ ባንኮቹ ተደርድረዋል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ የተታለለ ሰው አቤት የሚልበት በር ጠባብ ነው፤ ሌባውም ይህን ያውቃል። የተለመደው ስልቱ ቀላል ነው፤ “ስጦታህን ልግዛ” ይልና የውሸት የባንክ መልእክት ይልካል። ወይም “የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ” ብሎ በውስጥ መስመር ይመጣል። ወይም “ሽልማትህን ለመውሰድ ዋሌትህን (የክሪፕቶ ቦርሳህን) አገናኝ” ይላል። የካቲት 2014 ዓ.ም. ኦፕንሲ የተባለው ትልቅ የዲጂታል ስብስብ ገበያ አንዳንድ ደንበኞች ውድ ስብስቦቻቸውን ያጡት ምን እንደሚፈርሙ ሳያነቡ በመፈረማቸው ነው።

ማየቱማ በነጻ ነው፤ ስብስቦቹን ያለ ዋሌት ማገላበጥ ይቻላል፣ ቴክኖሎጂውም መማር የሚገባው ነው። የቤት ኪራይ ገንዘብ ግን እዚያ አይገባም። ዋሌት ያላችሁ፣ 12ቱን ወይም 24ቱን የመክፈቻ ቃላት በወረቀት ጻፉ፤ ፎቶ አታንሷቸው፣ ለማንም አትንገሩ፤ ቃላቱን የያዘ ንብረቱን ይዟል። ገዢ “ከፍያለሁ” ሲላችሁ የባንካችሁን መተግበሪያ ከፍታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ፤ የተላከላችሁን መልእክት አትመኑ። ቴሌግራም ላይ ያለ ስጦታ ደግሞ በስልክ ቁጥራችሁ የታሰረ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ሲም ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያልከፈታችሁ ዛሬውኑ ክፈቱት፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።