ከየትኛው ደሴት?

እዚያ ክፍል ገና ስትገቡ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው፤ የብል መድኃኒት ሽታ። እናቴ ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ የምትለብሰውን ጥበብ ቀሚስ የምታኖርበት ሳጥን ሲከፈት ቤቱን የሚሞላው፣ ያው ሽታ፣ ሎንደን ድረስ ቀድሞኝ መጥቶ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጓዳ ውስጥ ጠበቀኝ። ጊዜው 1983 ዓ.ም. ነው። አገር ቤት መንግሥት ሊለወጥ ነው፤ እኛ ስደተኞቹ ማታ ማታ ሬዲዮ ከበን እንቀመጣለን። ቀን ቀን ግን እኔ ከሞቱ ቢራቢሮዎች ጋር ነበርኩ። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ነበር በነጻ ላገለግል የገባሁት።

ቢራቢሮዎቹ ከኒው ጊኒ፣ ከሞሉካና ከሰሎሞን ደሴቶች፣ ክንፋቸው እንደተከደነ፣ ሦስት ማዕዘን ተደርጎ በታጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልለው የመጡ ናቸው። ስለደረቁ ቢነኳቸው ይሰበራሉ። እርጥበት ባለው፣ በተከደነ ዕቃ ውስጥ እናሳድራቸውና ሲለሰልሱ በወረንጦ ክንፋቸውን ዘርግተን በስፒል እንተክላቸዋለን። የክንፉ ብናኝ ጣት ላይ ይቀራል፤ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ጣቶቼ ሲያብለጨልጩ እያየሁ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ልጅነት ደግ ነው፣ በትንሹ ይደሰታል።

በልቤ «ጋሼ» የምላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ከሻይ ማንኪያቸው አይበልጥም። አንድ ቀን ሦስት መሳቢያ ከፈቱልኝ። በአንደኛው አረንጓዴ፣ በሁለተኛው ወርቃማ፣ በሦስተኛው ሰማያዊ፤ ሁሉም በጥቁር ክንፍ ላይ። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ የአምቦን ደሴቱን አረንጓዴ ግን በትሮይ ንጉሥ በፕሪያም ስም የጠራው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1758። ወርቃማው የባቻን ደሴት ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1859 ወንዱን በመረቡ ሲይዝ ልቡ በኃይል መትቶ ራሱን ሊስት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ቀኑን ሙሉም ራሱን ሲያመው ዋለ። ይህን ራሱ ነው የጻፈው። ሰማያዊው የኒው አየርላንድና የሰሎሞን ደሴቶች ነው።

ቀጥለው ሴቶቹን አወጡ። ከወንዶቹ የገዘፉ፣ ቡናማ፣ ነጣ ያለ ጠቃጠቆ ያለባቸው፣ አንዷ ካንዷ የማትለይ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚባለው እዚያ ላይ አይሠራም። ጋሼ አንዷን ብድግ አድርገው «ከየትኛው ደሴት?» ይላሉ፤ መልሱ ከስፒሉ ሥር ባለችው የመለያ ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው። የሁሉም አባጨጓሬ የሚበላው መርዛማ ሐረግ የአንድ ወገን ነው፤ ባሕሩ ስለለያያቸው ግን በየደሴቱ የየራሳቸውን መልክ ይዘዋል። ቦታው ያልተጻፈበትን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ወደ ጥግ ይገፉታል።

«ኒው ጊኒ» ብቻ ብሎ መጻፍም አይበቃቸውም። ከዓለም ቢራቢሮዎች ሁሉ ትልቋ፣ ክንፏ ሲዘረጋ ከ25 ሴንቲሜትር የሚያልፈው በንግሥት አሌክሳንድራ ስም የተጠራችው፣ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ኦሮ ክፍለ ሀገር ሌላ መኖሪያ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1906 የመጀመሪያዋን ያገኘው አልበርት ሚክ በጠመንጃ መትቶ ነበር ያወረዳት። እ.ኤ.አ. በ1951 የላሚንግተን ተራራ ሲፈነዳ ከመኖሪያዋ ብዙው ጠፋ። አንድ ተራራ ይህን ካደረገ፣ «ኒው ጊኒ» ምን ይነግረናል?

ያኔ እኔ «ከየት ነሽ?» የሚሉኝን ሰዎች አልወድም ነበር። ኢትዮጵያ ስል የ1977ቱ ድርቅ ፊልም ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ አንጀቴ እርር ይላል። ስለዚህ «ከአፍሪካ» ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ጋሼም ጠየቁኝ፤ «ከአፍሪካ» አልኳቸው።

ሳቁ። «እንዲህ ያለ መለያ ጽፈሽ ብታመጪልኝ እመልስልሽ ነበር።»

እኔም ሳቅሁና ነገርኳቸው፤ ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ልብስ የምናጥብበት ወንዝ፣ መስከረም ላይ በአደይ አበባው መሃል የሚያንዣብቡት ቢጫና ነጭ ቢራቢሮዎች። ጋሼ አትላስ ገልጠው ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ መሆኑን አዩና «ታዲያ ሌሊቱ ብርድ አይደለም? የት ያድራሉ?» አሉኝ። ሎንደን ከገባሁ ስለ አገሬ እንደዚያ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ መለያውን ሳላሳጥር እናገራለሁ። ደግሞም ይሠራል፤ ሰዎች ረሃቡን ትተው ስለ ወንዙ ይጠይቁኛል።