ከተራራው ግርጌ፦ የኔትቦል የዓለም ዋንጫ የጉዞ ማስታወሻ

ኔትቦል ሰባት ሰባት ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ፣ ከቅርጫት ኳስ የተወለደ፣ በአብዛኛው በሴቶች የሚዘወተርና በተለይ በቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሥር የሰደደ ጨዋታ ነው። የዓለም ዋንጫው እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ ኢስትቦርን ከተማ ከተጀመረ ወዲህ ወደ አፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በ2023 ሲሆን፣ ከጁላይ 28 እስከ ኦገስት 6 አሥራ ስድስት ቡድኖችን ያስተናገደችው የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ነበረች። የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ ኒውዚላንድ አውስትራሊያን 52 ለ51 ያሸነፈችበትን የ2019 የሊቨርፑል ፍጻሜ በቴሌቪዥን ካየች ጀምሮ ይህን ውድድር በአካል ለማየት ስትመኝ ኖራ፣ ዋንጫው ወደ አህጉሯ መምጣቱን ስትሰማ ገንዘቧን አጠራቅማ ከቦሌ ተነሣች።

ስለ በረራው የሚነገር ነገር የለም፤ ስለ አየሩ ግን ዝም ማለት አይቻልም። የአዲስ አበባን ክረምት ሸሽታ የሄደች መንገደኛ ኬፕ ታውን ስትደርስ የጠበቃት ሌላ ክረምት ነው፤ የኬፕ ዝናብ የሚመጣው በሰኔና በነሐሴ መካከል ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እየተነሣ ነውና፣ ጃንጥላ የሚገለብጥ ነፋስ ታክሎበት፣ ቴብል ማውንቴን የተባለውና በፎቶግራፍ ሁሉ ላይ የሚታየው ጠፍጣፋ ተራራ ለቀናት በደመና ተሸፍኖ ቀረ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ ለማየት በየማለዳው መጋረጃ መግለጥና በየማለዳው ግራጫ ግድግዳ ማየት እንዴት እንደሚያበሳጭ የደረሰበት ያውቀዋል።

ብስጭቱ የተረሳው ረቡዕ ኦገስት 2፣ ደቡብ አፍሪካ ከኒውዚላንድ ጋር በተጫወተችበት ቀን ነው። ውድድሩ የተካሄደው በስታዲየም ሳይሆን በ2003 በተከፈተው የከተማዋ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ውስጥ ነበር። ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ መዝፈን ሲጀምር ድምፁ መውጫ አጥቶ ተመልሶ በሰው ላይ ይወርዳል፤ ወንበሩም ይንቀጠቀጣል። የጨዋታው ሕግ ለማያውቀው ሰው የታሰረ ይመስላል፤ ኳስ የያዘች ተጫዋች እያነጠረች መሮጥ አትችልም፣ ከሦስት ሰከንድ በላይም ይዛ መቆየት አይፈቀድላትም፣ ተከላካይዋም 0.9 ሜትር ያህል ርቃ እንድትቆም ትገደዳለች፤ እያንዳንዷ የሥራ ድርሻዋን የሚያመለክት ፊደል ደረቷ ላይ ለጥፋ በተወሰነላት የሜዳ ክፍል ብቻ ትንቀሳቀሳለች፤ ግብ ማስቆጠር የሚፈቀድላቸውም ከሰባቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በተግባር ሲታይ ግን ከዚሁ እገዳ የተነሣ ኳሷ አንድም ቦታ ሳታርፍ ከእጅ ወደ እጅ ስለምትበር፣ የጨዋታው ጥበብ ሁሉ ኳስ በሌላቸው ስድስት ሴቶች እግር ላይ ይወድቃል፤ ዓይንም ኳሷን ትቶ እነርሱን መከተል ይማራል። ቀለበቱ በ3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅሎ ከበስተጀርባው ሰሌዳ ስለሌለው፣ ተኳሿ ኳሷን አንጥራ የምታስገባበት ዘዴ የላትም፤ ወይ በቀጥታ ይገባል፣ ወይ ይመለሳል።

ከጸሐፊዋ ጎን የተቀመጡት ከካዬሊቻ፣ ማለትም በዘር መድልዎ ዘመን መጨረሻ ላይ ለጥቁሮች ተብሎ ከመሀል ከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከተመሠረተው ሰፊ መንደር፣ ተማሪዎቻቸውን ይዘው የመጡ መምህርት ነበሩ። ጎረቤታቸው ከኢትዮጵያ መምጣቷን ሲያውቁ በአገሬው አጠራር «ሲሲ»፣ እህቴ፣ እያሉ ሕጉን በትዕግሥት አስረዷት፤ ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው የሚጫወቱት በአፈር ሜዳ ላይ፣ በእንጨት ላይ በተቸነከረ ቀለበት መሆኑንና እንዲህ ያለ ወለል በዓይናቸው ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነገሯት። ለእሑዱ ፍጻሜም እንደሚመለሱ በእርግጠኝነት አከሉ። ጨዋታው 48 ለ48 በሆነ ውጤት ሲጠናቀቅ፣ ልጆቹ ያሸነፉ ያህል ተቃቀፉ፤ መምህርቷ ግን በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ቆሙ፤ አቻ መውጣት ለግማሽ ፍጻሜ እንደማያበቃ ያውቁ ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት በእንግዳ ማረፊያው የቁርስ ገበታ ላይ አንድ እንግዳ፣ ኔትቦል ሴቶች እንዳይደክሙ ተብሎ የተፈጠረ ጨዋታ ስለሆነ እንደ ስፖርት ሊቆጠር አይገባውም ብለው ተናገሩ፤ ጸሐፊዋም ቡናዋ እስኪቀዘቅዝ ተከራከረቻቸው። የሰውየው አነጋገር ከታሪክ አንጻር ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ጨዋታው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ የሴቶች የአካል ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሲቀረጽ ረጅም ቀሚስና የዘመኑ ጨዋነት በሕጉ ላይ አሻራቸውን ትተዋል። ነገር ግን አንድ ጨዋታ የሚመዘነው በተወለደበት ክፍል ሳይሆን ተጫዋቾቹ ባደረሱት ደረጃ ነው፤ የኒውዚላንድ ረጅም ተኳሽ ግሬስ ንዌኬ በጉልበት ጉዳት ከዚያው ውድድር ስትወጣ ያየ ሰው «እንዳይደክሙ» የሚለውን ቃል ለመናገር ሊከብደው ይገባል። ክርክሩ ያለ ስምምነት ተቋጨ፤ ጸሐፊዋ እስካሁን አቋሟን አልለወጠችም።

ያ ቀን ሐሙስ ኦገስት 3 ነበር። እንግሊዝ በዓለም ዋንጫ ታሪክ አውስትራሊያን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ 56 ለ55፣ ያሸነፈችበት ዕለት ሲሆን፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ጨዋታ ብቻውን ገጾች ይወስድ ነበር። ከአዳራሹ ውጭ ግን በከተማዋ አብዛኛውን ሠራተኛ የሚያመላልሱት ሚኒባስ ታክሲዎች፣ ባለሥልጣናት ተሽከርካሪዎቻቸውን እየያዙ ማሰራቸውን በመቃወም፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ ሥራ አቆሙ። በመንገዱ ዳር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ወደ ምሥራቅ በእግራቸው ይጓዙ ነበር።

ጸሐፊዋ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት በገባችበት ጊዜ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች የማይመጣውን ታክሲ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ያዘዘችው ጋትስቢ የሚባለውን የኬፕ ሜዳማ ሰፈሮች ምግብ ነው፤ ክንድ የሚያህል ዳቦ ለሁለት ተሰንጥቆ በድንች ጥብስ፣ በቅመም በታሸ ሥጋና በሚያቃጥል ስጎ ይሞላና ለአራት ይቆረጣል። እንደ መሶብ ሁሉ ይህ ምግብ ለአንድ ሰው አልተሠራምና ሴቶቹን ጋበዘቻቸው፤ እነርሱም ጥቂት ካንገራገሩ በኋላ ተቀመጡ። ታላቂቱ፣ በልጅነቷ የመሀል ሜዳ ተጫዋች እንደነበረች፣ ከግብ እስከ ግብ የሚሮጠው እርሱ ብቻ መሆኑን፣ በዚህ ሳምንት አዳራሹን ስታጸዳ ግን አንድም ጨዋታ ሙሉውን እንዳላየች ተናገረች። ስጎው እስከ ክርናቸው ወረደ፤ አራተኛውን ቁራጭ ማን ይውሰድ በሚል ክርክር ተነሣና በመጨረሻ ለታላቂቱ ልጅ በወረቀት ተጠቀለለ። ጸሐፊዋ መኪና ተከራይታ ልታደርሳቸው ብትሞክርም፣ መንገዶች እየተዘጉ ስለነበር ወደ መንደሮቹ የሚገባ አሽከርካሪ አልተገኘም፤ ሴቶቹ ከከተማው ብዙም የማይርቅ ዘመድ ቤት ለማደር በእግር ሄዱ። ሥራ ማቆሙ እስከ ኦገስት 10 የቆየ ሲሆን በሁከቱ የአምስት ሰዎች ሕይወት አልፏል።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1967ቱ ውድድር በኋላ እስከ 1995 ድረስ በዘር መድልዎ ሥርዓቷ ምክንያት ከዚህ ዋንጫ ተገልላ ነበር፤ በተመለሰችበት ዓመትም የብር ሜዳሊያ አግኝታለች። ያ ሥርዓት ሰዎችን ከከተማው ያራቀበት ርቀት ግን ሕጉ ከተሻረ በኋላም አልተነሣም፤ ያለ ሚኒባስ የማይሻገር ሆኖ ባለበት ይገኛል። የፍጻሜው ዕለት መምህርቷና ተማሪዎቻቸው አልመጡም። ውድድሩ በአፍሪካ መካሄዱ ጸሐፊዋን እስከ እንባ ያስደሰታት ነገር ነበር፤ ለተመልካች ልጆች መጓጓዣ አስቦ አለማዘጋጀት ግን ሊታረም የሚችልና መታረም ያለበት ጉድለት ነው።

እሑድ አውስትራሊያ እንግሊዝን 61 ለ45 አሸንፋ አሥራ ሁለተኛ ዋንጫዋን ወሰደች፤ በሦስት ቀን ውስጥ ስህተቷን ያረመ ቡድን ነበርና ውጤቱ ይገባታል። ተራራው በሚገለጥበት ሰዓት ጸሐፊዋ አየር ማረፊያ ውስጥ፣ አምስተኛ ደረጃ ያገኘችው የኡጋንዳ ደጋፊዎች በሚጨቃጨቁበት ሰልፍ መካከል ነበረች፤ እኩሌቶቹ ለረጅሟ ተኳሽ ለሜሪ ቾልሆክ ኳስ በቶሎ አልደረሳትም ሲሉ፣ እኩሌቶቹ ጥፋቱ የመከላከሉ ነው ይላሉ። ዳኝነት ሲጠይቋት ከመጀመሪያዎቹ ጎን ቆመች፤ ክርክሩም የ2027ቱ ዋንጫ ወደሚካሄድባት ሲድኒ የሚያደርስ የትኬት ገንዘብ ከየት ይገኛል ወደሚለው ጥያቄ ተሻገረ።