ከአዲስ አበባ ጣርማ በር፦ ሲያሻው በሚበራ ፒካፕ

መኪና ሲበላሽ አንድ ጊዜ ተበላሽቶ ቁጭ ቢል ደግ ነበር። ይጎተታል፣ ይሠራል፣ ያልቃል። የሚያስመርረው ዛሬ ታሞ ነገ የሚድነው ነው። ጋራዥ በር ላይ ስትደርሱ ጤነኛ ሆኖ ያሳፍራችኋል፤ ከተማ ለቃችሁ ስትወጡ ደግሞ ጉዱን ያመጣዋል። እንዲህ ዓይነት መኪና ያለው ሰው የምለው ይገባዋል። መኪና የሌላችሁም ገጹን አትግለጡት፤ ነገሩ የመኪና ብቻ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ጓደኛዬና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ወደ ደብረ ሲና ሄጄ ነበር። የሄድንባት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ባለ ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ናት፤ ከአባታቸው የወረሷት። ታናሽየው ዕቃ እየጫነባት እንጀራውን ይበላል። ትልቅየው ግን ሊሸጣት ቆርጧል። ለእናታቸው ቆርቆሮና ፍራሽ ልናደርስ ነው የተነሣነው፤ እግረ መንገዱንም የሽያጩን ነገር ለእናቱ ሊነግራቸው አስቧል።

ምክንያቱ መብራቷ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በፈለገ ሰዓት ይጠፋል፤ በፈለገ ሰዓት ይመጣል። ባትሪ ተቀየረላት፤ ሁለት ሳምንት ደህና ሆና ከረመችና አገረሸባት። ዲናሞው ወርዶ ታደሰ። ፊውዝማ ተቆጥሮም አያልቅ። በመጨረሻ ጥፋተኛ ተገኘ ተባለ፦ ታናሽ ወንድም! ቴፕ ያስገጠመባት እሱ ነዋ። «አንተ ነህ ሽቦ ነካክተህ የገደልካት» ይለዋል ትልቁ። ልጁ መጀመሪያ ይከራከር ነበር፤ ኋላ ግን ዝም አለ። እንግዲህ ጓደኛዬ መሪ ላይ፣ ልጁ መሃል፣ እኔ መስኮቱ ጋ ሆነን ከቀትር በኋላ ስንነሣ ሁለቱ አይነጋገሩም። «ውሃውን አቀብለኝ በለው» እየተባባሉ የሚሄዱበት መንገድ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መሃላቸው ባልቀመጥም አስተርጓሚ ሆንኩ።

መንገዱ ግን ያምራል። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን እያለፋችሁ ስትሄዱ ሜዳው እየሰፋ ይመጣል። የጭድ ክምር፣ በየቤቱ ጥግ የተደረደረ ኩበት፣ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሜዳ። ሸኖ ላይ ቆም ብለን ስሙ የገነነውን ለጋ ቅቤ ገዛን። በዚህ ምክንያት ዘገየን። እንዳይዘገይባችሁ፤ ቅቤው ይቆያል፣ ፀሐይዋ ግን አትጠብቅም።

ጫጫን እንዳለፍን ጨለመ። አስፋልቱ ላይ አንዲት ጉድጓድ ነበረች። ጎማው ገባ ሲል የፊት መብራቱ፣ የዳሽቦርዱ መብራት፣ ቴፑ ሳይቀር ጭልም! ከፊታችን ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ረጅም መብራቱን ለቆ ይመጣል። ጓደኛዬ ክላክስ ተጫነ፤ ክላክስ የለም። ያለው ሞተሩ ብቻ ነው፤ እሱማ ምንም እንዳልተፈጠረ ይንደቀደቃል። እንደምንም ዳር ይዘን ቆምን። የጭነት መኪናው ሲያልፍ ንፋሱ ፒካፗን አወዛወዛት። ለትንሽ ጊዜ ማናችንም አልተነፈስንም።

ታናሽየው ወርዶ ኮፋኖውን ከፈተ። ባትሪው አካባቢ በእጁ ነካ ነካ ሲያደርግ መብራቱ ቦግ አለ። «አየህ?» አለኝ ጓደኛዬ፣ «እሱ ሲነካው ይበራል፣ እሱ ሲነካው ይጠፋል! በቃ፣ እሸጣታለሁ።» ልጁ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዳረፈ ቀና ብሎ አየንና ምንም ሳይል ኮፋኖውን ዘጋ። ያ ፊት እስካሁን አልጠፋኝም።

በእንፉቅቅ ደብረ ብርሃን ገብተን አደርን። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ወድዳ መሰላችሁ? ስሟን ያገኘችው ግን ከብርሃን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ እንደቆረቆሯት ይነገራል፤ ነገሩን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየችው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙም አሉ። እኛም ብርሃን ፍለጋ ነው የገባነው፤ ያውም የፊት መብራት።

ጠዋት ሰው ጠቁሞን አንድ ዕድሜ ጠገብ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድን። ጋቢ ደርበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጓደኛዬ የቴፑን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ሊያወራ ሲጀምር አቋረጡት።

«ቴፑን ተወው ልጄ። ሲጠፋ ምን ምን ይጠፋል?»

«ሁሉም ጋሼ። የፊቱ፣ የኋላው፣ ፍሬቻው፣ ክላክሱም።»

«ሞተሩስ?»

«እሱ አይጠፋም።»

«መብራቱ እንደጠፋ ሞተሩን አጥፍታችሁ ብታስነሡትስ?»

ጓደኛዬ ዝም አለ። ታናሽየው ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ይነሣል ጋሼ» አለ። «ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ሞተሪኖው ደህና አድርጎ ይዞራል። የሚጠፋው ጉድጓድ ስትገባ ነው። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ይብሳል።»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። «የምታውቃት አንተ ነህ እንግዲህ» አሉት። ልብ በሉ፤ እስካሁን ካቻቢቴ እንኳ አላነሡም።

ከዚያ እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ከባትሪ የወጣ ኤሌክትሪክ ሄዶ አይቀርም፤ መመለስ አለበት። መሄጃው ሽቦ ነው፤ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ። ይህን መመለሻ ነው ማሳ የሚሉት። በዚህች መኪና ከባትሪው ኔጌቲቭ ሁለት ገመድ ይወጣል፤ ወፍራሙ ወደ ሞተሩ፣ ቀጭኑ ወደ ቦዲው። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ የእሱ ማሳ ለቦዲው አይተርፍም። ሞተሪኖውና ናፍጣውን የሚከፍተው ቫልቭ ያሉት ሞተሩ ላይ ነው፤ እነሱ አልሞቱም። የሞቱት ሁሉ በቦዲው በኩል የሚመለሱ ናቸው። ባትሪው ቢሆን ኖሮ ሞተሪኖውም ባልዞረ። አንድ ፊውዝ ቢሆን አንድ ሁለቱ ጠፍቶ ሌላው በበራ። ስለዚህ ተጠርጣሪው አንድ ቀጭን ገመድ ነው!

ማረጋገጫውም ቀላል ነበር። መብራቱን አስበሩና የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቦዲው ላይ አሳረፉ። «ማሳው ደህና ከሆነ ከ0.2 ቮልት ማለፍ የለበትም» አሉ። ገመዱን ነቅነቅ ሲያደርጉት ቁጥሩ ዘሎ 7 ገባ፤ መብራቱም ድርግም። ገመዱን ሲለቁት ተመልሶ ቦግ። አንድ ዓመት ሙሉ ጋራዥ ለጋራዥ ያንከራተተን ጉድ በአምስት ደቂቃ ፊታችን ተራቆተ።

ብሎኑን ፈቱት። ከሥሩ ያየነው ብረት አልነበረም፤ ቀለም ነው! ዝገት የጀማመረው፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቀለም። «ይህችን መኪና ማን ቀለም አስቀባት?» አሉ።

አይ ዝምታ! ያስቀባት ጓደኛዬ ነው፤ ለገዛ ሠርጉ። ቀለም ቀቢው ገመዱን ነቅሎ ሲመልስ ብሎኑን ቀለሙ ላይ አሰረው። ከዚያ ወዲህ የያዘው በጥርሱ ብቻ ነው። ባትሪው ሲቀየር የዳነችውም ባትሪው ስለተቀየረ ሳይሆን በዚያ ሰበብ ገመዱ ስለተነቃነቀ ነበር። ማታ ልጁ ነካ ሲያደርገው የበራውም ለዚሁ ነው። ቴፑ ምንም አላደረገም፤ ልጁም ምንም አላደረገም።

ሽማግሌው ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ብረቱን አወጡ፣ አጥብቀው አሰሩ፣ ላዩን ግራሶ ቀቡት። ዋጋው ለባትሪና ለዲናሞ ከወጣው ጋር ሲተያይ የሻይ ነው። ጓደኛዬ ይቅርታ አላለም። ቁልፉን ለወንድሙ ዘረጋለትና «ንዳ» አለው። እኔም ከአስተርጓሚነት ሥራዬ ተሰናበትኩ።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በአንድ በኩል የወረደው ውሃ ወደ ዓባይ፣ በሌላው በኩል ያለው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጉም በሌለበት ቀን ገደሉ ቁልቁል ሲታይ ያዞራል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎችም አይጠፉም። ዋሻው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል የተሠራ ነው። ከመግባታችን በፊት ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ልጁ መብራቱን አበራ። ውስጥ መንገዱ ነቀነቀን፣ አንገጫገጨን፤ መብራቱ ግን ዓይኑን አልጨፈነም። በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነፋው። ጓደኛዬ ሳቀ።

ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን እናታቸው ቤት ገባን። «መኪናዋ እንዴት ናት?» አሉ እናትየው ገና ከበር። «ደህና ናት እማዬ» አለ ትልቁ፣ «እሱ ነው ነድቶ ያመጣን።» የሽያጩ ወሬ አልተነሣም።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። መብራቱ በሚመላለስ መኪና ከተቸገራችሁ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀት አንሡ። መቼ ጠፋ? ምን ምን ጠፋ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን ሳይጠፋ ቀረ? ችግሩ ከመጀመሩ በፊት መኪናው ላይ ምን ተሠርቶ ነበር? ይህን ጽፎ የሚሄድ ሰው ለባለሙያው ግማሹን ሥራ ጨርሶለታል፤ ኪሱንም አትርፏል። ጣርማ በርን በቀን እለፉት፤ ሹራብም ያዙ።

ቤታችሁ ውስጥም አንዴ ጨልሞ አንዴ የሚበራ ነገር ካለ፣ «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ከማለታችሁ በፊት ያንኑ ወረቀት አውጡ። ምናልባት ብሎኑን ቀለም ላይ ያሰራችሁት እናንተው ትሆናላችሁ።